የሙሴ ቤፖ ብስኩት

በዚያ ዘመን በደብረ ታቦር ከተማ የጣልያንን ጥቁር ብስኩት ጣዕም አጣርታ የምታውቅ ያገር ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ ብል ብዙም አልዋሸሁም። ስድስት ዓመቴ ነው። ዘመኑ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጣልያን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ። እናቴ ፈንታነሽ በጦር ሰፈሩ ፉርኖ ቤት ዱቄት ትነፋለች። ጋጋሪው ሙሴ ቤፖ የሚባል፣ ሆዱ የሰፋ፣ ክንዱ ጠጉራም ጣልያን ነበር፤ ያን ጊዜ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። የተሰበረ ብስኩት ሲያገኝ ግራ ቀኙን ያይና በጣቱ ይጠራኛል። ብስኩቱ ከላዩ የተሰነጣጠቀ፣ ከውጭ ኩርሽም የሚል፣ ከውስጥ ግን ያልበሰለ የሚመስል ለስላሳ ነው። ቸኮላታ ይለዋል። ስሙ ለእኔ ምኔም አልነበረም። ቁራጩን ምላሴ ላይ አስቀምጬ፣ ሟሙቶ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ።

ስለ ብስኩቱ ከመቀጠሌ በፊት አባቴ እንዴት እንደተያዘ ልናገር። አባቴ አስረስ የገብስ ነጋዴ ነው፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ከጉና ገብስ ጭኖ ይወርዳል፣ ባዶ ስልቻ ጭኖ ይወጣል። ባዶ ስልቻ አህያ የሚያጎብጠው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ውስጡ ጥይት ነበር፤ ጉና ላይ ለመሸጉት አርበኞች የሚሄድ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወታደሮች ግቢያችንን ሞሉት። የሚመራቸው ማሩ ነበር። ማሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በዓመት በዓል ቤታችን እየመጣ ጠላ ሲጠጣ የኖረ፣ ኋላ ለጣልያን ያደረ ባንዳ። አባቴ "ማሩ፣ ልጅቱን ከዚህ አውጣት" አለው። አንዱ ወታደር በሰደፍ አገጩ ላይ መታው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። በጉልበቱ ወረደ። ደገሙት። ማሩ ጀርባው ላይ ቆሞ እጁን የፊጥኝ ሲያስረው የአባቴ ፊት አፈር ውስጥ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ደም አፈሩን ጭቃ አደረገው። ጭቃው ላይ ሁለት ጥርሶች አየሁ። ጎትተው ሲወስዱት ጎንበስ ብዬ ለቀምኳቸው። ከኋላዬ ቤታችን መንደድ ጀምሯል።

በዚያው ሰሞን የእኔም የፊት ጥርስ ወልቆ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ ጣሪያ ላይ ወርውሬው፣ አዲሱ ብቅ ብቅ እያለ ነበር። የእኛ ጣሪያ ስለሚነድ ወደ ጎረቤት ሮጥኩና የአባቴን ጥርሶች አንድ በአንድ እዚያ ጣሪያ ላይ ወረወርኳቸው። እንግዲህ ይበቅሉለታል ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ደረቷን እየደቃች ፈልጋ ስታገኘኝ ፈገግ ብዬ ቆሜ ነበር።

ቤት አልባ ስንሆን ያስጠጋን ይማም ነው። ይማም የጨው ነጋዴና የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበር፤ እስላም ሰፈር ሰፊ ግቢ ነበረው። ዘቢባ የምትባል የእኔ እኩያ ልጅ አለችው። ጓሮው ያለውን ማድቤት ለቀቀልን። እናቴ ከዚያ እየተነሳች ፉርኖ ቤት ትሄዳለች። ባሏን የሰበሩት ሰዎች የሚበሉትን ዱቄት መንፋቷን ያሙባት ሴቶች ነበሩ። ወህኒው ከፉርኖ ቤቱ ጀርባ መሆኑን የሚያስብላት አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴና ይማም እኔን ተኝታለች ብለው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"እሑድ እሑድ ለወህኒው ዘበኞች ብስኩት የማደርሰው እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ስድስት ጣልያኖች ናቸው። ጣሳውን ከእጄ ተቀብለው እዚያው ይጨርሱታል።"

"ሙሴው ሲጋግር ሊጡን ታገኚዋለሽ?" አለ ይማም።

"ማን ያስነካኛል ይላሉ? ነፍቼ አስረክቤ መውጣት ነው።"

"እንግዲያ እዚህ ትጋግሪዋለሽ። መንገድ ላይ መለወጥ ነው። ነገር ግን ቁርጥ ያንኑ ካልሆነ አንዱ ቀምሶ ይተፋዋል፤ ያን ጊዜ አንቺም አስረስም አበቃላችሁ።"

"እኔ ከእጃቸው በልቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ ጾሙ ገብቷል።"

"ልጅቱ ታውቀዋለች" አለ ይማም።

ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ ጨብጬ ያስቀረሁት ይህችኑ የመጨረሻዋን ነው። ብስኩት እቤት ሊጋገር ነው፣ እኔም አዋቂዋ ነኝ። አባቴ ስለሌለ አዝነውልኝ መሰለኝ። ይማም ከሐሙሲት ያስመጣውን የሚያደነዝዝ ሥር በቀንድ ውስጥ ደብቆ ማስቀመጡን፣ ዘበኞቹ ሲፈዙ የወህኒውን በር የሚከፍት ሰው መዘጋጀቱን፣ በጋፋት በኩል በቅሎ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች መኖራቸውን የሰማሁት ካደግኩ፣ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ሆዴን ብቻ ነበር።

ጾሙ የነቢያት ጾም ነው። ብስኩቱ ቅቤም እንቁላልም ይገባበታል፤ እናቴ ደግሞ ሰማይ ቢደፋ ጾም የምትገድፍ ሴት አልነበረችም። ያገራችን ሴት ጾም ይዛ ስትሠራ የጨው ልክ እንኳ አትቀምስም፤ ያልጾመ ልጅ ጠርታ ጭልፋውን እየሰጠች "ቅመሺልኝ" ትላለች። ሰባት ዓመት ስላልሞላኝ የእናቴ ምላስ እኔ ነበርኩ። ይማም እንዳይቀምስ እሱም የሙሴ ቤፖን በአፉ አዙሮት አያውቅም፤ የአሳማ ሞራ አለበት ሲባል ሰምቷል።

እናቴ ነጩን ፉርኖ ዱቄት ከጆንያ እያራገፈች በትንሽ በትንሹ አመጣች። ጥቁሩን የቸኮላታ ዱቄት በመቀነቷ እጥፋት ቋጥራ ስትወጣ ግን ማሩ በሩ ላይ ያዛት። እኔ እጇን ይዤ ነበር። መቀነቷን ፈታና ዱቄቱን በመዳፉ ላይ አፍስሶ አሸተተው።

"ይኸ ባሩድ ነው" አለ።

"ባሩድ አይደለም።"

"ካልሆነ ላሺው።"

እናቴ ከመዳፉ ላይ ላሰች። ፊቷ በምሬቱ ተጨማደደ፤ ስኳር አልነበረበትም። ማሩ አፏን እያየ ጠበቀ። ምንም እንዳልሆነች ሲያይ "እንግዲያ ስርቆት ነው" አለና አለንጋውን ከወገቡ መዘዘ። እዚያው ፉርኖ ቤቱ በር ላይ፣ እንጨት በሚፈልጡበት ግንድ ላይ አስደፍተው ገረፏት። መጀመሪያ ቀሚሷ ተቀደደ፣ ቀጥሎ ቆዳዋ። አለንጋው በተነሳ ቁጥር የደሟ ፍንጣሪ የተፈለጠው እንጨት ላይ ያርፋል። ጥርሷን ነክሳ እኔን ታያለች። ሙሴ ቤፖ ሊጥ በያዘ እጁ ብቅ ብሎ አየና ተመልሶ ገባ። በማግስቱ ወደ ሥራዋ መለሷት፤ ዱቄት እንደ እሷ የሚነፋ አልነበረማ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልናገር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳፍርበት የኖርኩት ነው። ኮራሁ። ለልጇ ብስኩት ብላ የተገረፈች እናት ያለችው ሌላ ልጅ የለችም ብዬ ለዘቢባ አወራሁላት።

ከዚያ ወዲያ ቸኮላታ የማይታሰብ ሆነ። እናቴ ኑግ ቆልታ እስኪጠቁር አሳረረችና ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በማር ለወሰችው። የዘቢባ እናት እንቁላልና ቅቤ ሰጠች። ገል ምጣድ ላይ ደርድራ፣ ከድና፣ ከላይም ከታችም ፍም አድርጋ ጋገረችው። ጀርባዋ ገና ስላልሻረ ጎንበስ ስትል ታቃስታለች። ሲወጣ ጥቁር ነው፤ ላዩ ግን እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ልሙጥ ሆኖ ቀረ።

"የሙሴው እንዲህ ነው?" አለችኝ።

"አይሰነጠቅም እንዴ? ሙሴ ቤፖ ሊጡን ያድቦለቡልና መስኮት ላይ ብርድ ያስመታዋል። ከዚያ ነው እሳት ውስጥ የሚከተው።"

እናቴና ይማም ተያዩ። ሊጡ በውርጭ ውጭ አደረ፤ ጠዋት ፍሙ ውስጥ ሲገባ ላዩ ተሰነጣጠቀ። ይማም ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ። እኔ ሰላይ መሆኔን አላውቅም፤ ስበላ ብቻ ነው የማውቀው። እያንዳንዱን "ቅመሺልኝ" ስትለኝ ቁራጭ ሳይሆን ሙሉውን እጨርሳለሁ፤ ፍርፋሪውን ለዘቢባ እሰጣታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እውነቱን ነበር የምናገረው። ጣፋጭ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምን እንደሆነ አላውቅም።

በመካከሉ አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር ጣሳውን ይዤ ወህኒው ደጅ ሄጄ አባቴን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። አገጩ ወደ ጎን ዞሮ ቀርቷል፤ በጣቱ ፋንታ የደረቀ ደም የያዘ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የብስኩት ፍርፋሪ በቀዳዳው ሰጠሁት። አፉ ውስጥ አደረገው፣ ማኘክ ግን አልቻለም። ሳያኝክ ያዘውና በዓይኑ ሳቀልኝ። ጥርሱ ገና አለመብቀሉ ገረመኝ።

ያቺ ቅዳሜ መጣች። እናቴ ከይማም አሞሌ ላይ በቢላ ፈቅፍቃ ቁንጣሪ ጨው ሊጡ ውስጥ ጨመረች። እንዴት እንደመጣላት አላውቅም፤ ምናልባት ምርር ሲላት የሚገኘውን ሁሉ ልትሞክር ይሆናል። ምጣዱ ሲከፈት ሽታው ራሱ ነገረኝ። አንዱን አንስቼ ነከስኩ። ኩርሽም አለ። ውስጡ ለሰለሰ። ከጣፋጩ ኋላ ጨውዬዋ መጣች፣ ልክ እንደ ሙሴ ቤፖ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው እናቴ ፊቴ ተንበርክካለች። እጆቿ ጉልበቶቼን ይዘዋል። ይማም በሩ ላይ ቆሟል።

"ውድነሽ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አሁንስ? የሙሴን ሆነ?"

ሆኗል ካልኩ ያልቃል። ሰዉ ሁሉ እኔን እኔን የሚያይበት፣ በየማለዳው ብስኩት የሚወጣበት ነገር ዛሬውኑ ያበቃል። የስድስት ዓመት ልጅ ሂሳብ ይህ ነው፤ ከዚህ የከፋ ነገር በልቤ አልነበረም። ይህን ሳልደብቅ የምናገረው ምሕረት ፍለጋ አይደለም።

"ገና ነው" አልኩ።

"ምን ጎደለው?"

"እንጃ። ገና ነው።"

እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ይማም "እንግዲህ የነገው ቀረ፤ ለቀጣዩ እሑድ ነው። በቅሎዎቹን ልመልሳቸው" አለ። እናቴ ምጣዱን ወደ እኔና ወደ ዘቢባ ገፋችው። እስኪያቅተን በላን። አንዱን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ገብስ ማሰሮ ውስጥ ደበቅኩት፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ብዬ።

ክፉው ቀን ስምንት ቀን አልቆየም። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ወታደሮች ሰዉን ከበው ወደ መሀል ነዱት። ሁለት ግንድ ተተክሎ አግድም እንጨት ታስሮበታል። በጭነት መኪና ሦስት ሰዎች አመጡ፤ መካከለኛው አባቴ ነበር። እጁ የኋሊት ታስሯል። ገመዱ አንገቱ ውስጥ ሲገባ እኔ አፉን ነበር የማየው። ጥርሱ በቅሎ እንደሆነ ለማየት ስጠብቅ አፉን ከፈተ፤ ሰው ሊጠራ ነበር መሰለኝ፤ የፊት ድዱ ገና ባዶ ነው። መኪናው ተንቀሳቀሰ። አባቴ ወዲያው አልሞተም። ከባድ ሰው አልነበረም። እግሩ ረጅም ጊዜ አየሩን ረገጠ፣ አንዱ ወታደርም ሄዶ እግሩን ይዞ ቁልቁል ሳበው።

ማሩ በሴቶቹ ፊት እየተመላለሰ "አጨብጭቡ" ይላል። ያላጨበጨበችውን አለንጋው ያገኛታል፤ አንዲት አሮጊት ጉንጫቸው ተሰንጥቆ ወደቁ። እናቴ ፊት ሲደርስ አለንጋውን እኔ አንገት ላይ አሳረፈና ጠበቃት። እናቴ አጨበጨበች። እኔም ሰው ሁሉ ስላጨበጨበ አጨበጨብኩ።

ስንመለስ ሙሴ ቤፖ ከፉርኖ ቤቱ በር ወጣ። በቋንቋው አንድ ነገር እያለ አንድ ሙሉ ብስኩት፣ ያልተሰበረ፣ እጄ ውስጥ አስጨበጠኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ጭስ ገብቶበት ነው አልኩ። ለሰቀሉት ሰዎች ዳቦ ሲጋግር የዋለ ሰው ነው፤ አሁንም ቢሆን ልምረው ወይስ ልርገመው አላውቅም።

ማልቀስ ክልክል ነበር። የተሰቀለ ሰው ዘመድ ሲያለቅስ ከተገኘ ይታሰራል። እናቴ ማድቤቱ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አፏን በነጠላዋ ጠቅጥቃ፣ ድምፅ ሳታሰማ ትወዛወዛለች። ይማም ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ያለኝ ሀብት ብስኩት ነው። ገብስ ማሰሮው ውስጥ እጄን ከትቼ የደበቅኩትን አወጣሁ፣ የሙሴ ቤፖን ከጎኑ አድርጌ ሁለቱንም ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

"እንኪ እማዬ" አልኳት። "አንዱ የሙሴ ቤፖ ነው። አንዱ ያንቺ ነው፤ ያን ቅዳሜ የጋገርሽው፣ ደብቄልሽ ነበር።"

መወዛወዙን ተወችው። ብስኩቶቹን አየቻቸው። አንዱን አገላበጠች፣ ሌላውን አገላበጠች። ማር ስላለበት የእኛው አልደረቀም።

"የትኛው ነው የሙሴው?"

አየሁ። አሸተትኩ። "እንጃ" አልኳት።

"ቅመሺልኝ።"

ከዚህኛው ነከስኩ፣ ከዚያኛው ነከስኩ። ላስደስታት ፈልጌ ነበር፤ አስቤም እውነቱን ተናገርኩ።

"አንድ ናቸው።"

ይማም ራሱን ቀና አደረገ። እናቴ ጭኗ ላይ ያሉትን ቁራጮች ነበር የምታየው።

"ያን ቅዳሜም እንዲህ ነበር?"

"አዎ።"

ጥፊ ጠበቅኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጉንጬን ሰጠኋት። በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሬ ላይ ያለውን ፍርፋሪ ጠረገችልኝ። "ብይው በቃ" አለችኝ። ሁለቱንም ጨርሼ በላሁ። ይጣፍጥ ነበር።

ይማም ካረጀ በኋላ ሁሉንም ሲነግረኝ ሊያጽናናኝ ሞከረ። "በሩን ሊከፍት ቃል የገባው ሰው ፈሪ ነበር፤ ምናልባት እናትሽም ትሰቀል ነበር" አለኝ። ምናልባት። እሱም ይህን ሲል ወደ መሬት ነበር የሚያየው።

እናቴ አልቀጣችኝም፣ አልረገመችኝም፤ ድራ ኩላ ለወግ አብቅታኛለች። የበኩር ልጄን የወለድኩት በሁዳዴ ጾም ነው። አራስ አትጾምም፤ እሷ ግን ጾም ይዛ ለእኔ ዶሮ ወጥ ልትሠራ መጣች። እኔ አልጋ ላይ፣ እሷ ሦስት ክንድ ርቃ ምድጃው አጠገብ ነን። ሥጋው ገና ሳይገባ፣ ቅቤ የገባበት ቁሌት ሲንተከተክ ተነስታ በአጥሩ በኩል "ዘቢባ፣ እስቲ ልጅሽን ላኪልኝ" ብላ ተጣራች። የዘቢባ ልጅ ዘምዘም፣ አምስት ዓመት የማይሞላት፣ እየሮጠች መጣች።

"እማዬ፣ እኔ አለሁ አይደል? ልቅመስልሽ" አልኳት።

እናቴ አልዞረችም። "አንቺ ተይው፣ ልጄ። አንቺ ብይ ብቻ" አለችኝ፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

ዘምዘም ጭልፋውን ላሰችና ትንሽ አሰበች።

"ጨው ይጎድለዋል" አለች።

እናቴ ወዲያው ጨመረች።